አርባ ቀን የበላሽበት ቀኖና

ለአማርዬ፣

ከተለየሽን ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቀኑን የምቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው ተዝካርሽን ከበላ በኋላ መቁጠሩን ትቷል፤ አልፈርድበትም፣ ኑሮ አለበት። እኔም ብሆን እስከ ዛሬ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ጻፈ ቢሉኝ አፍር ነበር። ደግሞስ የሒሳብ መምህር ምን ይጽፋል? ሰሌዳ ሞልቼ፣ ጠመኔዬን አራግፌ የምወጣ ሰው እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ዛሬም ወድጄ አይደለም የተቀመጥኩት። ልጃችን ቤዛ ምግብ መተው ጀምራለች።

መጀመሪያ ቁርሷን ተወች። ቀጥሎ ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው ይዛው ትመለስ ጀመር። ምነው ልጄ ብላት ፈገግ ብላ "እንደ እማዬ ጾመኛ ልሁን ብዬ ነው" አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች እኮ አማርዬ። ያን ፈገግታ ሳይ አጠገቤ የነበረው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ስለዚህ ሰባት ዓመት አፍኜ የያዝኩትን ልነግራት ወስኛለሁ። ነገሩ ግን የኔ ብቻ ሳይሆን ያንቺም ገመና ስለሆነ አስቀድሜ አንቺን ላስፈቅድ ብዬ ነው። ደብዳቤውን አላሽገውም። ዘመድም ጎረቤትም የፈለገ ያንብበው፤ መደበቁ ነው እዚህ ያደረሰን።

አስቀድሜ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፣ ወሬ ትወጂ ነበር። ከተማችንን ሲቀላን ብታያት አታውቂያትም። ክረምት ሲገባ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ የምትሻገሪው የሰፈራችን ጭቃ ኮብልስቶን ለብሷል። ባጃጁ እንደ ልቡ ይሮጥበታል፣ እኛም ከመንገድ ውጡ እየተባልን እንሰደባለን። እናትሽ ከጨንቻ ወርደው ከኛ ጋር ናቸው። የዚህ አገር ሙቀት ቆጮ ለማብላላት እንጂ ለሰው አይሆንም፣ ነገ ወደ ደጋዬ እመለሳለሁ እንዳሉ ሰባት ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ነገ ይላሉ። ቤዛ ትከሻዬን አልፋለች። ሳቋ ያንቺ ነው፣ ንዴቷ የኔ ነው፣ እግዜር ይርዳት። እኔ ፀጉሬ ሸሽቶኛል። አላገባሁም። ብቻህን ታረጃለህ እያሉ ሊድሩኝ የሞከሩ አልጠፉም፤ ማርጀቱን ጀምሬዋለሁ፣ አትቸገሩ አልኳቸው።

ቤዛ ስለ አንቺ የምታውቀው ጾምሽን ብቻ ነው። ይህ የኔ ጥፋት ነው። ጫኖን፣ ትሠሪበት የነበረውን ቀበሌ፣ አታውቅም። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩን ያቺን የቆርቆሮ ክፍል፣ ከዋናው ቦይ ዳር ያለችውን፣ አላየቻትም። ሙዝና ማንጎ ያለው ገበሬ ሁሉ ውሃ የሚያገኘው በተራ እንደሆነ፣ የማን ተራ መቼ እንደሆነ የምትመዘግቢውም አንቺ እንደነበርሽ አልነገርኳትም። መዝገቡ ጠረጴዛሽ ላይ አለ። አንቺ ግን አትከፍቺውም ነበር።

አንድ ቀን ልወስድሽ ስመጣ ሁለት ገበሬዎች ዶማቸውን እንደያዙ በር ላይ ሲጯጯሁ ደረስኩ። ነገሩ ሊከፋ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ። አንቺ የበላሽውን ማንጎ ሳትጨርሺ፣ እጅሽ እየተንጠባጠበ ብቅ አልሽና ለአንደኛው ሚስትህ የወለደች ጊዜ የማክሰኞውን ጠዋት ለእሱ ሰጥተኸው ነበር፣ እሱ ደግሞ ግማሹን መልሶልሃል፣ የቀረህ የቅዳሜ ግማሽ ነው፣ እሱን ተቀበልና ቤትህ ሂድ አልሽው። ሁለቱም ዶማቸውን አወረዱ። ከዚያ አንደኛው ሳቀ። በመንገድ ላይ እንዴት አድርገሽ ነው ይህን ሁሉ የምትይዢው ስልሽ፣ ማሳውን አይደለም የማስታውሰው፣ ሰዉን ነው አልሽኝ። ለቅሶ የደረሰበት ሰው ሲመጣ ሦስት ሰው አቀያይረሽ ማንም ሳይጎዳ ታወጪው ነበር። እኔ ሰሌዳ ሞልቼ የምፈታውን አንቺ ቆመሽ በአፍሽ ትፈቺዋለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እቀናብሽ ነበር።

ደግሞ ትበዪ ነበር። ይህንንም ልንገራት። እናትሽ ከደጋ ሲመጡ የሚሠሩልሽን ፎሰሴ፣ ያንን የበቆሎ ድቡልቡል ከሃለኮ ቅጠሉ ጋር፣ ሳህኑን እስክትጠርጊው ድረስ ትበይው ነበር። የራስሽን ሳትጀምሪ ከኔ ሳህን ታነሺያለሽ። ስቆጣሽ በኋላ በተማርሽው አማርኛሽ ላይ ንዴት ይጨመርበትና ወንዱን በሴት እየጠራሽ "አንቺ ሰውዬ፣ ምን ስስታም ነሽ!" ትዪኛለሽ። ሳቄ ሲመጣ አንቺም ትስቂያለሽ። እንዲህ ነበርን።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ሁለተኛ ልጃችን ሳይተነፍስ ተወለደ። ሁሉም ከዚያ ወዲህ ነው። አላለቀስሽም። ጾምሽ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚጾመውን ጾምሽ፣ ቀጥሎ የፈቃዱን ሁሉ ጨመርሽ፣ በኋላ ጾም መግባት መውጣቱ ቀረ። ፋሲካ ሆኖ ሰው ሲገድፍ አንቺ አልገደፍሽም። ዓሣውን ተውሽ፣ ዘይቱን ተውሽ፣ እንጀራውን በጣትሽ እያደቀቅሽ ሳህን ላይ ታዞሪው ጀመር። ለኛ ግን ከወትሮው አብልጠሽ ትሠሪያለሽ፣ ብሉ ብሉ ትያለሽ፣ ቆመሽ ታይናለሽ። የሰንበቴ ሴቶች እንዴት ያለች መንፈሳዊት ናት እያሉ ሲያወሩ እኔ ደረቴን እነፋ ነበር። በኛ ዘንድ አንድ ሰው ስለበላ ይታማል እንጂ ስለጾመ አይጠየቅም።

የጠየቁት እናትሽ ብቻ ነበሩ። ከጨንቻ መጥተው ክንድሽን ይዘው አገላብጠው አዩትና፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ይህ ጾም አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው አሉኝ። እኔ ምን እንዳልኳቸው ታስታውሻለሽ? እኔ የጎጃም የደብር ልጅ ነኝ፣ የጾምን ነገር ለኔ ይተዉት አልኳቸው። በትሕትና ነው ያልኩት፤ ትሕትናዬ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ አእምሮሽ መለወጥ ጀመረ። ሲጀምር አላወቅሁትም። መዝገቡን የማትከፍቺው ሴት ሦስት ጊዜ ከፍተሽ አንዱን ተራ ሦስት ጊዜ ታረጋግጪ ጀመር። ጽሕፈትሽ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ገበሬዎቹ ማንበብ አቃታቸው። ጠዋት በር ላይ ቆመሽ የትኛውን ጫማ እንደምታደርጊ መወሰን ያቅትሽና ታክሲ ያመልጥሻል። የቤዛን ደብተር ይዘሽ አንዱን ገጽ ደጋግመሽ ታነቢያለሽ፣ ምን ይላል ስልሽ ታፍሪያለሽ። አንድ ነገር ከጀመርሽ ደግሞ ማንም አያስጥልሽም። ሳህኑ በዚህ በኩል፣ ማንኪያው በዚያ በኩል፣ ሰዓቱ ከደቂቃ ዝንፍ ሳይል። እኔ ጥንቃቄ አልኩት። ቀጥሎ ግትርነት አልኩት።

የአቶ አንጁሎ ነገር ሲመጣ ጭካኔ አልኩት። እኚህ ሽማግሌ ገበሬ፣ ወንድማቸው ምዕራብ ዓባያ ሞቶባቸው፣ የነገ ተራቸውን ከጎረቤት ጋር እንድታቀያይሪላቸው መጡ። ዱሮ አፍሽን እንኳ ሳታብሺ የምትጨርሺው ጉዳይ ነበር። ተራ ተራ ነው፣ መዝገቡ አይነካም አልሻቸው። ለመኑሽ። መልሰሽ ያንኑ ቃል አልሻቸው። ወንድማቸውን ሊቀብሩ ሄዱ፣ ውሃው አለፋቸው፣ አዲስ የተተከለው ሙዛቸው ቢጫ ሆነ። ሲመለሱ አልተቆጡሽም። እኔን ለብቻዬ ጠርተው ልጄን ምን ነካብኝ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን ቤት መጥቼ ልብሽ ድንጋይ ሆኗል አልኩሽ። አንቺ ጠረጴዛው ላይ የወደቀ ፍርፋሪ በጣትሽ ጫፍ ትለቅሚ ነበር።

በክርክር ላሸንፍሽ የሞከርኩትን ደግሞ ሳስበው እስቃለሁም አለቅሳለሁም። የሒሳብ መምህር አይደለሁ? አንድ ትልቅ ወረቀት ወስጄ ግራፍ ሠራሁልሽ። በዚህ በኩል ቀኑ፣ በዚያ በኩል አቅምሽ፣ መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ ሲወርድ የት እንደሚደርስ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። አንቺ በጥሞና አየሽው፣ አጎነበስሽበት፣ እኔም ገባት ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ቀና አልሽና "እዚህ ጋ መስመሩ ጠሟል፣ ማስመሪያ አልተጠቀምክም?" አልሽኝ። እውነትም ጠሞ ነበር። የፀጉር ያህል የጠመመውን አይተሻል፤ መስመሩ መቃብርሽ ላይ እንደሚያርፍ ግን አላየሽም። ያን ቀን ፈራሁ።

ሆስፒታል የወሰድኩሽ ከዚያ በኋላ ነው። ያቺን ወጣት ሐኪም ታስታውሻታለሽ፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ። አንቺን ለብቻሽ ካየችሽ በኋላ እኔን ጠራችኝ። እኔ ክሴን አወረድኩት፦ ጠባይዋ ተለወጠ፣ ጨከነች፣ ትረሳለች፣ ምክር አይገባትም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና "መምህር፣ ጠባይዋ አይደለም የተለወጠው። አእምሮዋ ተርቧል" አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። ሰውነት ሲራብ አእምሮም አብሮ ይራባል አለች። የተራበ አእምሮ አንድ ነገር ላይ ይጣበቃል፣ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላው መሻገር ይከብደዋል፣ ጥቃቅኑን አጥርቶ ያያል፣ ትልቁ ግን ይሰወረዋል። ማስታወስም መወሰንም ይደክመዋል። ሁሉም ታማሚ አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንዳንዱ ከመታመሙ በፊትም በተፈጥሮው እንዲህ ያደርገዋል፣ ያንቺ ግን ዱሮ እንዳልነበረ ከነገርኳት ወሬ ተረዳች። በክርክር አታሸንፋትም፣ የምትከራከርበት አእምሮ ራሱ ነው የታመመው አለች። መጀመሪያ በጥንቃቄ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በሐኪም እየታየች ትብላ፤ ሐሳቧ ከኋላ ይመጣል፣ ምክሩንም ያኔ ትሰማዋለች። እኔ ነገሩን ገልብጬ ይዤው ነበር፤ አስቀድሞ ሐሳብሽ ይቃና፣ ከዚያ ትበያለሽ ብዬ። ለአዲስ አበባም ሪፈር ጻፈችልን። አልሄድም አልሽ። አንቺን ማስገደድ አልሆነልኝም፣ ወይም በቂ አልሞከርኩም።

የቀሩኝ የንስሐ አባታችን ነበሩ። አባ ተክሌ የደጋ ሰው ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። እኔ የጠበቅሁት ጠበል ግቡ ወይም ሱባዔ ያዙ እንዲሉን ነበር። አንቺን አስጠርተው ፊታቸው አቁመው ቀኖና ሰጡሽ። በኛ ወግ ቀኖና ማለት ጾም ነው፣ ስግደት ነው። እሳቸው ግን "ያንቺ ቀኖና መብላት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ባልሽ ፊት፣ ሐኪሟ ያለችውን ያህል፣ አርባ ቀን። መስገድ ከልክዬሻለሁ" አሉሽ። ጾም የጤነኛ ነው ብለው መስቀላቸውን አሳለሙሽ።

አማርዬ፣ ያን ቀን ፊትሽን አየሁት። ሥርዓት ነዋ! ያ በግራፍ ያልተበገረው አእምሮሽ ትእዛዙን እንደ ውሃ ተራ መዝግቦ ያዘው። በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ፣ ከደቂቃ ሳይዛነፍ፣ ሳህንሽን ይዘሽ ፊቴ ተቀመጥሽ። እንባሽ ሳህኑ ላይ እየወረደ በላሽ። በየጉርሻው ታለቅሻለሽ፣ ግን ትውጫለሽ። ቤዛ ከጎናችን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እኔ የምለው ጠፍቶኝ ስለ ተማሪዎቼ እቀባጥራለሁ። ሰው ሲበላ አይታይም የሚባለውን ይሉኝታ ትቼ አፍሽን አፍሽን ሳይ ስንት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ግድም አንድ ጠዋት ድንገት ከተማሪዎቼ የአንዱን ስም ጠርተሽ፣ ያ ልጅ ፈተናውን አለፈ ወይ አልሽኝ። ስቀባጥር ስትሰሚኝ ኖረሻል ማለት ነው! ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጣሽ። እንቅልፍ ተኛሽ። ጫኖ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ተራዋን አቀያይረሽላት መጣሽና የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው እየደጋገምሽ ነገርሽኝ። አቶ አንጁሎ ቤት ሄደሽ ይቅርታ ጠየቅሽ፤ እሳቸውም ድሮም ታማ ነው ብያለሁ ብለው የሙዝ ዘለላ አስይዘው ላኩሽ። አንድ እሑድ ዓባያ ሐይቅ ዳር በእግራችን ወርደን ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ የአንድ ዓሣ ግማሽ በላሽ። ውሃውን እያየሽ እንዲህ አልሽኝ፦ "ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያወራው፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ። አንተ ስትናገር ድምፅህ ይሰማኛል፣ ቃልህ ግን የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል።" ንቀሽኝ ሳትሰሚኝ ቀርተሽ አልነበረም ማለትሽ ነው። ልቤ ተሰበረ፣ ደስም አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ቀኖቹን በእርሳስ ትሰርዢ ነበር። አርባኛው ቀን ራትሽን በላሽ፣ አማተብሽ፣ ቀኖናዬን ፈጸምኩ አልሽ። እኔ ሞኙ እንኳን ደስ አለሽ አልኩ! በአርባ አንደኛው ቀን ለኔና ለቤዛ ቁርስ አቅርበሽ አንቺ ቆምሽ። አየሁሽ። አላየሁም ልል አልችልም። አሁን አእምሮዋ ተመልሷል፣ ሕፃን አይደለችም፣ ራሷ ታውቅበታለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያ ደግሞ ግማሹ ነው። ግማሹ እፍረት ነው። ሁለተኛ አባ ተክሌ ዘንድ ሄጄ ሚስቴን ማብላት አቃተኝ ልበል? መምህሩ ሰውዬ ምን ይባላል? ሐኪሟ ዘንድ ያለውንም ቀጠሮ አሳለፍነው። በዚያው ሰሞን ለፈተና ጥበቃ ወደ ደጋ ወረዳ ሁለት ሳምንት ተመደብኩ። ስመደብ ቅልል አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስመለስ መዝገቡን ሦስት ጊዜ እየከፈትሽ ነበር። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ደግሞ ቀን ፈጀሁ። አባ ተክሌ ዘንድ የሄድኩት አንቺ አልጋ ከያዝሽ በኋላ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ስነግራቸው "አርባ ያልኩት መጀመሪያውን ነው። ሲያልቅ ትመጣላችሁ፣ እጨምራለሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ልጄ፣ ምነው ሳትመጣ ቀረህ?" አሉኝ።  

ልብሽ ያቆመው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እጅሽን ይዤሽ ነበር። ጥቂት ቀደም ብሎ ዛሬ የማን ተራ ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አላውቅም ነበር፤ የአቶ አንጁሎ ነው አልኩሽ። በእሺታ ራስሽን ነቀነቅሽ።

ለቀስተኛው በምን ሞተች ሲል ድንገተኛ ነው፣ ልቧ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ሰንበቴው ላይ ታድላ፣ በጾም በጸሎት ሄደች ማለት ተጀመረ። አላረምኩም። ወደድኩት እንጂ፤ ያንቺን ስም ያከብራል፣ የኔን ጥፋት ይሸፍናል። ቤዛን ያሳደግኋት በዚያ ወሬ ነው። "እናትሽ ቅድስት ነበረች" እያልኳት። የተራበችውን ሴት ከቤት አስወጥቼ ጻድቅ አስገባሁ፣ ልጄም ያቺን ጻድቅ ልትከተል ተነሣች።

እስከዚህ ጽፌ ሦስት ቀን አቆምኩ። አሁን ነግሬያታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እናትሽም ይስሙ ብዬ አብረን አስቀመጥኳቸው። አስቀድሜ እሳቸውን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ያን ጊዜ ጾምን ላስተምርዎ ማለቴ ድፍረት ነበር አልኳቸው። እሳቸውም ምን እንደሆነ እኔ አውቄው ነበር፣ በአማርኛ እንዴት እንደምለው ነው የጠፋኝ አሉ። ከዚያ ለቤዛ ከሕፃኑ ጀምሬ እስከ አርባ አንደኛው ቀን ድረስ፣ የኔን እፍረት ጭምር፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ አለቀሰች ብለሽ ትጠብቂ ይሆናል። አላለቀሰችም። ጣቶቿን እያየች "ያን ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ የረሳችኝ ለዚህ ነው?" አለችኝ።

ሁለተኛ ክፍል ሆና ነበር። ዝናብ እየጣለ ሳትወስጃት ቀርተሽ፣ ዘበኛው ጎጆው ውስጥ አስቀምጧት፣ አመሻሽ ላይ እኔ ደረስኩላት። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ አለፍኩት። እሷ ግን አላለፈችውም አማርዬ። "እኔ እኮ ሕፃኑ ሞቶ እኔ በመቅረቴ የጠላችኝ መስሎኝ ነበር" አለች። ይህን ይዛ ሰባት ዓመት ከኔ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጣለች! እኔ ደግሞ ጾመኛ እናት እያወራሁላት።

ያኔ አንድ ነገር ነገርኳት። ከቀኖናው በሠላሳኛው ቀን ግድም እጅሽን ስትታጠቢ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ፣ ቤዛን ዝናብ ላይ ጥያት ነበር እንዴ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትዝ አለሽ። ተንሰቅስቀሽ አለቀስሽ። ከዚያ ወዲያ እስከ አርባኛው ቀን ድረስ ከሥራሽ እየዘገየሽም ቢሆን ጠዋት አንቺ አደረስሻት፣ ከሰዓትም አንቺ አመጣሻት፣ እጇን ይዘሽ። ቤዛ ቀና አለች። አስታውሳለሁ፣ ለምን እንደሆነ ነበር የማላውቀው አለች። ያኔ አለቀሰች። እናትሽ ደረታቸው ላይ አስጠግተዋት በራሳቸው ቋንቋ በጋሞኛ ምን ምን እንዳሏት አልገባኝም፣ እሷ ግን ገባት።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። በጊዜ መጥታችኋል፣ እንከታተላለን አለን። ፈተናው አለቀ አልልሽም፤ ትናንትም ግማሹን ነው የበላችው። ከእንግዲህ ቁርስ አብረን እንበላለን ስላት አንተም እኮ ከእማዬ ወዲህ ቁርስ በልተህ አታውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሻይ ብቻ ነበር የምጠጣው፣ አላስተዋልኩትም። እበላለሁ አልኳት። የሒሳብ መምህር ልጅ ናትና ለስንት ቀን ብላ ጠየቀች። ቁጥር የለውም አልኳት።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፣ ለሟች ሁሉ ይባላል። እኔ ቃል የምገባልሽ በትክክል ላስታውስሽ ነው፦ ማንጎ እየበላሽ ሰው ስታስታርቂ፣ ከሳህኔ ስትሰርቂኝ፣ ልጅሽን እጇን ይዘሽ ስትመልሻት። የታመመውን አእምሮሽን ጠባይሽ ነው አልልም፣ ረሃብሽንም ጽድቅ ነው አልልም። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤትህ በምን ሞተች ለሚለኝ ሁሉ፣ ምግብ በሞላበት ቤት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ በረሃብ ሞተች እላለሁ።

ባልሽ